የዓሣ ነባሪ ቅማል የማን ዘር ነው? ስለ ባሕር እንስሳት ጥገኞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አለም ገና፣ ከአየር ጤና ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ባዮሎጂ አስጠናለሁ። ባለፈው ክረምት የአንድ ዓሣ ነባሪ ጭንቅላት ፎቶ አሳየኋቸው። ጥቁር ቆዳው ላይ እዚህም እዚያም ነጭ ነገር ተለጥፏል። «ቲቸር፣ ጭርት ይዞት ነው?» አለችኝ ከፊት የተቀመጠችው ልጅ። ጭርት አልነበረም። በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ እንስሳት ነበሩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄው አላቆመም። ልጆቹ ቤት ሄደው ያወሩታል፣ ወላጆች ደግሞ መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። ብዙ ጊዜ የተጠየቅኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባሕር በሌለበት አገር ይህን ማወቅ ምን ያደርጋል?

ይህን የሚጠይቁኝ በብዛት አባቶች ናቸው። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ልጃቸው ፈተና ላይ የሚመጣውን እንዲያጠና ይፈልጋሉ።

መልሴ ይህ ነው። ላም ያረባ ሰው መዥገርን ያውቃል። በግ ያለው ሰው ቅማልና ቁንጫን ያውቃል። ዛፍ የተከለ ሰው ተቀጽላን ያውቃል። ጥገኝነት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የባሕሩ ጥገኞች የሚያስተምሩት ግን አንድ ትልቅ ትምህርት አለ፤ መልክ ሲጠፋ ዘር እንዴት እንደሚታወቅ። ይህን ከነሱ አጥርቶ የሚያሳይ እንስሳ አላገኘሁም።

ባሕሩም ቢሆን እኛን ሙሉ በሙሉ አያውቀንም ማለት አይቻልም። ወደ ጎጃም ስትሄዱ የአባይን በረሃ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ግራና ቀኝ የምታዩት የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን የባሕር ወለል ነበር።

ክረስቴሺያን የሚባሉት እነማን ናቸው?

ሸርጣን፣ ሽሪምፕና ሎብስተር የዚህ ወገን ናቸው። ጠንካራ ቅርፊት ይለብሳሉ፣ እግራቸው መገጣጠሚያ አለው፣ ሁለት ጥንድ አንቴና አላቸው። ለማየት የግድ ባሕር ዳር መሄድ አያስፈልግም። ጓሮ ውስጥ እርጥብ ድንጋይ ገልብጡ። ግራጫ፣ ባለ ሰባት ጥንድ እግር፣ አንዳንዷ ሲነኳት ጥቅልል የምትል ትንሽ ፍጥረት ካገኛችሁ ነፍሳት እንዳትመስላችሁ። ክረስቴሺያን ናት። አይሶፖድ ከሚባለው ክፍል ነች። ይህቺን አስታውሷት፣ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ከክረስቴሺያን መካከል በሌላ እንስሳ ላይ ተጠግተው የሚኖሩ በጣም ብዙ ናቸው። ነገር ግን «ጥገኛ ክረስቴሺያን» የሚባል አንድ ዘር የለም። ጥገኝነት በየወገኑ፣ በየራሱ ጊዜ፣ ደጋግሞ ተጀምሯል። የዓሣ ነባሪ ቅማል ከአምፊፖዶች ነው። የሳልሞን ቅማል ከኮፔፖዶች ነው። የዓሣ ምላስ የምትበላዋ ከአይሶፖዶች ናት። ሸርጣን የሚያመክነው ሳኩሊና ደግሞ ከባርናክል ወገን ነው። እነዚህ ሁሉ የክረስቴሺያን ክፍሎች ናቸው። እነዚህ እርስ በርስ የሚገናኙት በጣም ሩቅ አያት ላይ ነው። አንድ ዓይነት ኑሮ ስለሚኖሩ ብቻ አንድ ቤተሰብ አድርጎ ማየት የተለመደ ስህተት ነው።

«የዓሣ ነባሪ ቅማል» እውነት ቅማል ነው?

አይደለም። ዓሣ ነባሪ ራሱ ስሙ ዓሣ ነው እንጂ ልጁን የሚያጠባ እንስሳ ነው። ቅማሉም እንደዚያው ነው። ቅማል ባለ ስድስት እግር ነፍሳት ነው። ይሄኛው ግን የሽሪምፕ ዘመድ የሆነ አምፊፖድ ነው። ቤተሰቡ ሳያሚዴ ይባላል፤ ወደ 30 የሚጠጉ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ሰውነቱ ጠፍጣፋ ነው። እግሮቹ ጫፍ ላይ እንደ ሜንጦ የታጠፈ ጥፍር አለ። በዚያ ቆዳውን ሰቅዞ ይይዛል። የሚበላው በአብዛኛው ከዓሣ ነባሪው የሚረግፈውን ቆዳ ነው።

የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1758 ይህን ፍጥረት ሲሰይመው ኦኒስከስ ሴቲ አለው። ኦኒስከስ ማለት ያቺ ከድንጋይ ስር ያገኘናት የጓሮ አይሶፖድ የገባችበት ጂነስ፣ ማለት የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ፣ ነው። ስለዚህ ሊኔየስ ቅማል ነው ብሎ አልተሳሳተም። ክረስቴሺያን መሆኑን አይቷል፤ የሳተው ክፍሉን ነው። በኋላ ሳያመስ የሚል የራሱ ጂነስ ተሰጠው። በእጅ መነጽር ዘመን ይህን ያህል መጠጋቱ ያስደንቀኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ነፍሳት፣ ሸረሪትና ክረስቴሺያን ሁሉ የሚገቡበት ትልቅ ወገን አርትሮፖድ ይባላል። በ2010 የ75 የአርትሮፖድ ዝርያዎችን 62 ጂኖች ያነጻጸረ ጥናት ወጣ። ነፍሳት ራሳቸው ከክረስቴሺያን ዛፍ ውስጥ የበቀሉ ቅርንጫፍ መሆናቸውን በጠንካራ ማስረጃ አሳየ። እንግዲህ የራስ ቅማልና የዓሣ ነባሪ «ቅማል» በስም ብቻ ሳይሆን በሩቁ በሥጋም ይገናኛሉ ማለት ነው።

መልኩን አይቶ መመደብ ለምን አይበቃም?

ጥገኛ ሲኮን ብዙ ነገር ይቀራል። መዋኘት ከሌለ የመዋኛ እግር አያስፈልግም። አዳኝ ከሌለ ዓይን አያስፈልግም። ከትውልድ ትውልድ ሰውነቱ እየቀለለ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የቀረው ከረጢት ወይም ክር የሚመስል ነገር ይሆናል። ሊኔየስ ለርኒያ የተባሉትን የዓሣ ጥገኞች ከትሎች ጋር የመደባቸው ለዚህ ነው። ዛሬ ኮፔፖድ መሆናቸውን እናውቃለን።

ከሁሉ የሚገርመው ሳኩሊና ነው። ሸርጣን ስትገለብጡ ከሆዱ ስር፣ ሴቷ እንቁላል በምታቅፍበት ቦታ፣ ቢጫማ ከረጢት ታያላችሁ። እግር የለውም፣ አፍ የለውም፣ አንጀት የለውም፣ ቅርፊትም የለውም። ከከረጢቱ ወደ ውስጥ ብትከተሉት እንደ ዛፍ ሥር የተሰራጨ ክር በሸርጣኑ ሰውነት ውስጥ ይገኛል። ምግቡን የሚመጠው በዚያ ነው። ሸርጣኑ ይመክናል። ወንድ ከሆነ ሆዱ እንደ ሴት ይሰፋል፣ ጠባዩም ይለወጣል፤ ከረጢቱን እንደ ገዛ እንቁላሉ ይንከባከባል። ይህን ፍጥረት በመልኩ ማን የሸርጣን ዘመድ ነው ይለዋል?

መልሱን ያገኘው ጆን ቮን ቶምሰን የሚባል በአየርላንድ ይኖር የነበረ የጦር ሠራዊት ሐኪም ነው። መጀመሪያ በ1830 የባርናክልን ነገር አጣራ። ባርናክል ድንጋይና መርከብ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ነጭ ቅርፊት ያለው እንስሳ ነው። በዚያን ጊዜ ታላቁ የፈረንሳይ የእንስሳት ሊቅ ኩቪየር ሳይቀር ከቀንድ አውጣ ወገን ይመድበው ነበር። ቶምሰን ግን እጩን፣ ማለት ከእንቁላል የሚወጣውን ሕፃን፣ ተከታተለ። እጩ እየዋኘ የሚኖር ትንሽ ክረስቴሺያን ሆኖ አገኘው። በ1836 ደግሞ ከሳኩሊና ዓይነቱ ከረጢት የሚወጣውን እጭ አየ። የባርናክል እጭ የመሰለ ነበር። ከረጢቱ ባርናክል ነው ማለት ነው።

ለተማሪዎቼ የምነግራቸው በእንክርዳድ ነው። እንክርዳድና ስንዴ ቡቃያ ሳሉ ገበሬውንም ያሳስቱታል፤ ሲያሸቱ ይለያሉ። በእነዚህ ጥገኞች ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዘራቸው የሚታወቀው ሕፃን ሳሉ ነው። ካደጉ በኋላ ማንም አይለያቸውም።

ቻርልስ ዳርዊንም በባርናክል ላይ 8 ዓመት ገደማ ሠርቷል። መጽሐፎቹ ከ1851 እስከ 1854 ነው የወጡት። ስለ ዝርያ አመጣጥ ከመጻፉ በፊት ማለት ነው። የሳኩሊና ወገኖች የእርስ በርስ ምደባ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አከራካሪ ነበር። በ2020 በዲኤንኤ ላይ ተመስርቶ እንደገና ተሠርቷል።

ዲኤንኤ ከእጩ በላይ ምን ይነግረናል?

በአገራችን ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲያስቡ ሽማግሌ ይቆጥራል። እስከ ሰባት ቤት። የዚህ አባት እገሌ፣ የእገሌ አባት እገሌ እየተባለ ሁለቱ መስመሮች የት ላይ እንደሚገናኙ ይታያል። የዘረመል ምደባም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ቆጠራው ሰባት ቤት ላይ አይቆምም፤ ሚሊዮን ቤት ይሄዳል።

ሌላም ልዩነት አለ። እኛ የምንጠራው በአባት ነው። ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያዩት ግን የማይቶኮንድሪያን፣ ማለት በሴል ውስጥ ኃይል የሚያመነጨውን ክፍል፣ ዲኤንኤ ነው። እሱ ደግሞ በእናት በኩል ብቻ ይወርዳል። ከእናት ወደ ልጅ፣ ከሴት ልጇ ወደ ልጅ ልጇ። የወንዱ እዚያው ይቀራል።

በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ሲኦዋን የሚባል ጂን አለ። ከሱ 650 ገደማ ፊደላት ተወስደው ይነበባሉ። በ2003 ይህቺ ቁራጭ ለእንስሳት መለያ እንድትሆን ሐሳብ ቀረበ፤ ሱፐርማርኬት ዕቃ ላይ እንዳለው ባርኮድ። ለምን እሷ ተመረጠች? በየእንስሳው ስለምትገኝ ነው። በአንድ ዝርያ ውስጥ ብዙም አትለያይም፤ በሁለት ዝርያዎች መካከል ግን ልዩነቷ ጎልቶ ይታያል። ለሩቅ ዝምድና ግን አትበቃም። ለዚያ 18ኤስ የሚባለውን ቀስ ብሎ የሚለወጥ ጂን ወይም ብዙ ጂኖችን በአንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

ሥራው ራሱ እንግዳ አይሆንባችሁም። በኮሮና ጊዜ ሁላችንም ፒሲአር የሚለውን ቃል ለምደናል። ያው ነው። ከጥገኛው አንድ እግር ይቆረጣል፣ ዲኤንኤው ይወጣል፣ የተፈለገው ቁራጭ በፒሲአር ይባዛል፣ ፊደሉ ይነበባል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሆዱ ላይ ነው። ጥገኛው የተጠጋበትን ዓሣ ደም ጠጥቶ ከሆነ የዓሣውን ዲኤንኤ አንብባችሁ የጥገኛው ነው ልትሉ ትችላላችሁ። እግር የሚመረጠው ለዚህ ነው።

የቅማሉ ዘር ስለ ዓሣ ነባሪው ምን ነገረን?

ከሁሉም ጥያቄ የምወደው ይህን ነው።

ራይት ዌል የሚባሉ ትልልቅ ዓሣ ነባሪዎች አሉ። ሦስት ዝርያዎች ናቸው፦ አንዱ በሰሜን አትላንቲክ፣ አንዱ በሰሜን ፓስፊክ፣ አንዱ በደቡብ ውቅያኖሶች። ጭንቅላታቸው ላይ ሻካራ የቆዳ ጉብታዎች አሏቸው። ጉብታዎቹን ነጭ የሚያስመስላቸው በላያቸው የሰፈረው ቅማል ነው። ተማሪዬ ጭርት ያለችው እሱን ነው። የጉብታው አቀማመጥ በየዓሣ ነባሪው ስለሚለያይ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን በዚያ ይለዩታል። እንደ መታወቂያ ማለት ነው።

በአንድ ራይት ዌል ላይ ሦስት ዓይነት ቅማል ይኖራል። ሳያመስ ኦቫሊስ ጉብታው ላይ ይሰፍራል። ሳያመስ ግራሲሊስ በጉብታው መካከል ባሉት ጎድጓዳዎች ይገባል። ሳያመስ ኢራቲከስ ደግሞ በሰውነት እጥፋቶችና በቁስል ላይ ይገኛል። ሦስቱም ከራይት ዌል ሌላ ቤት የላቸውም። ደግሞም መዋኘት አይችሉም። አብዛኞቹ የባሕር ጥገኞች በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ እጭ አላቸው፤ እነዚህ ግን የላቸውም። እናቲቱ ልጆቿን በደረቷ ስር ባለ ከረጢት ታሳድጋለች። ልጆቹ ሲወጡ እዚያው ቆዳ ላይ ይይዛሉ። ወደ ሌላ ዓሣ ነባሪ የሚሻገሩት ሁለቱ ሲነካኩ ብቻ ነው፤ ጥጃዋ እናቷን ስትታከክ፣ ወይም ሲገናኙ።

ነገሩ ገባችሁ? ቅማሉ የሄደበት ሁሉ ዓሣ ነባሪው የሄደበት ነው። የቅማሉ የዘር ሐረግ የዓሣ ነባሪው የጉዞ መዝገብ ነው።

በ2005 የወጣ ጥናት ይህን መዝገብ አነበበ። ያችኑ የማይቶኮንድሪያ ጂን ተጠቅሞ ነው። መጀመሪያ የታየው በአንድ ውቅያኖስ ውስጥ ያሉት ቅማሎች እርስ በርስ የተደባለቁ መሆናቸው ነው። ዓሣ ነባሪዎቹ ብዙ ይገናኛሉ ማለት ነው። የሰሜን አትላንቲክና የደቡብ ውቅያኖስ ቅማሎች ግን በሦስቱም ዓይነት ፍጹም የተለያዩ ሆነው ተገኙ። የተለያዩበት ጊዜ ወደ 6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተገምቷል። በስም አንድ የነበሩት በዘር ለየብቻ ናቸው። የዓሣ ነባሪዎቹም መለያየት የዚያን ያህል የቆየ ነው ለማለት ጥሩ ማስረጃ ሆነ።

ለምን ተለያዩ? ራይት ዌል ወፍራም ጮማ አለው። ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ነው። የምድር ወገብ ሙቅ ውሃ አጥር ይሆንበታል።

አጥሩ ግን አንዴ ተጥሷል። የሰሜን ፓስፊክ ሳያመስ ኦቫሊስ ለብቻው የቆመ ቅርንጫፍ አልነበረም። ከደቡቦቹ ዛፍ ውስጥ የበቀለ ሆኖ ተገኘ። ባለፉት 1 ወይም 2 ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንድ ራይት ዌል በፓስፊክ በኩል የምድር ወገብን ተሻግሯል ማለት ነው። አንድ እንስሳ፣ አንድ ጉዞ። አጥንቱ የለም፣ ያየው የለም። የመሰከሩለት ቆዳው ላይ የነበሩት ናቸው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ጥናቱ ሌላም ነገር አሳይቷል። ቅማሎቹ በዘር በጣም የተለያዩ ናቸው፤ ይህ የብዙ ቁጥር ምልክት ነው። ባለፉት ግማሽ ሚሊዮን ዓመታት ዓሣ ነባሪዎቹ ለረጅም ዘመን ተመናምነው ቢሆን ኖሮ በቅማሉ ዘር ላይ አሻራው ይቀር ነበር። እንዲህ ያለ ግልጽ አሻራ አልተገኘም። ዛሬ በሰሜን አትላንቲክ የቀሩት ራይት ዌሎች ከ400 ያነሱ ናቸው። በሰው አደን ነው እዚህ የደረሱት። አሁንም የዓሣ አጥማጅ ገመድና መርከብ ይገድላቸዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ እነሱ ሲጠፉ ሌላ ቤት የሌላቸው ሦስቱም ቅማሎች አብረው ይጠፋሉ።

በአንድ እንስሳ ወንድና ሴት ላይ የተለያየ ቅማል ሊኖር ይችላል?

አዎ። ስፐርም ዌል በሚባለው ዓሣ ነባሪ ላይ ይታያል። ትልልቆቹ ወንዶች ሳያመስ ካቶዶንቲስን ይይዛሉ። ሴቶቹና ግልገሎቹ ደግሞ ኒዮሳያመስ ፊሴቴሪስን። ወንዶቹ ሲያድጉ ከእናቶቻቸው ተለይተው ወደ ቀዝቃዛው ውሃ ይሄዳሉ። ኑሮ ሲለይ ቅማሉም ይለያል።

አንድ ዝርያ ነው ወይስ ሦስት? ማን ይወስናል?

ዲኤንኤ አንዳንዴ ይከፍላል፣ አንዳንዴ ይሰበስባል። ሁለቱንም ላሳያችሁ።

ቼሎኒቢያ የሚባል ባርናክል አለ። የባሕር ኤሊ ቅርፊት ላይ የሚኖረው አንድ ስም ነበረው። ሸርጣን ላይ የሚኖረው ሌላ ስም። ማናቲ የሚባለው የባሕር አጥቢ ላይ የሚኖረው ደግሞ ሦስተኛ ስም። ቅርጻቸው ይለያያል፣ ቤታቸው ይለያያል፤ ስም መለየቱ ምክንያት ነበረው። በ2013 እና በ2014 የወጡ ጥናቶች ዲኤንኤያቸውን ሲያዩ ግን አንድ ሆነው ተገኙ። ቅርጹን የለወጠው የሰፈረበት ቦታ ነው። አንድ ዓይነት ዘር በደጋና በቆላ ሲዘራ እንደሚለያየው። ለጥንቃቄ ያህል፣ ይህ ባርናክል ከኤሊው ሥጋና ደም አይበላም። ተሳፋሪ ብንለው ይሻላል።

የሳልሞን ቅማል የተገላቢጦሹ ነው። ሌፔዮፍቴይረስ ሳልሞኒስ በ1837 ነው ስም የተሰጠው። በአትላንቲክም በፓስፊክም አንድ ተብሎ ኖረ። በመልክ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። የማይቶኮንድሪያ ጂኖቻቸው ሲነጻጸሩ ግን ልዩነቱ ወደ 7 በመቶ ሆነ። በ2014 ሁለት ንዑስ ዝርያ ተባሉ፤ የአትላንቲኩና የፓስፊኩ። አንዳንዱ ተመራማሪ ሁለት ሙሉ ዝርያ ቢባሉ ይመርጣል። እኔ በግሌ «ንዑስ ዝርያ» የሚለው ጥሩ ማቆያ ይመስለኛል። ፐርሰንት ብቻውን ዳኛ መሆን የለበትም። የት ላይ ይቆረጣል? 3 ላይ? 5 ላይ? በየወገኑ ይለያያል።

የዓሣ ምላስ የሚበላ አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሳይሞቶአ ኤክሲጉዋ ትባላለች። የጓሮዋ አይሶፖድ የባሕር ዘመድ ናት። በምሥራቅ ፓስፊክ ትገኛለች። በዓሣው መተንፈሻ በኩል ትገባለች። መጀመሪያ ሁሉም ወንድ ሆነው ይጀምራሉ፤ በኋላ ወደ ሴትነት ይለወጣሉ። ሴቷ ምላሱ ላይ ተጣብቃ ደሙን ትመጣለች። ምላሱ ይመነምንና ይጠፋል። እሷ በቦታው ትቀመጣለች፣ ዓሣውም እሷን እንደ ምላስ ይጠቀምባታል።

ለምደባ የምታስቸግረው ጾታዋና ቅርጿ ስለሚለዋወጥ ነው። ወንዱና ሴቷ በመጠን አይመሳሰሉም። አንዷ ወደ ግራ ትጣመማለች፣ አንዷ ወደ ቀኝ፣ እንደተቀመጠችበት ጉንጭ። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ዲኤንኤ ትልቅ እገዛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ወደ እኛ የሚቀርብ ዘመድ አላቸው?

አሉ። በአፍሪካ ሐይቆች ዓሣ ላይ አርጉለስና ዶሎፕስ የሚባሉ የዓሣ ቅማሎች ይኖራሉ። እነሱም ክረስቴሺያን ናቸው።

የሚገርማችሁ ግን ሌላው ነው። ሊንጉዋቱላ የሚባል ጥገኛ በውሻ አፍንጫ ውስጥ ይኖራል። ጠፍጣፋ፣ ረጅም፣ ቀለበት ቀለበት ያለበት ነው። ማንም ቢያየው ትል ነው የሚለው። በ1972 አንድ ተመራማሪ የዚህ ወገን የሆነ የሌላ ጥገኛን የወንዴ ዘር ቅርጽ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየ። ከዓሣ ቅማል ከአርጉለስ ጋር ይመሳሰላል አለ። ብዙዎች ለመቀበል ከበዳቸው። በ1989 18ኤስ የሚባለው ጂን ተነበበ። እሱም ያንኑ አለ። ትል የመሰለው ክረስቴሺያን ነበር። ከነዚሁ ወገን በባሕር ወፎች የአየር ከረጢት ውስጥ የሚኖርም አለ።

ጾም ሲመጣ ዓሣ እንገዛለን። እነዚህ ሰው ላይ ይወጣሉ እንዴ?

ይህን የጠየቁኝ ጎረቤታችን እናት ናቸው። «ልጄ፣ ከዝዋይ የመጣውን ቆሮሶ ልተወው?» አሉኝ። እንዳይተዉት ነገርኳቸው። የዓሣ ቅማል፣ የምላስ በላዋና የሳልሞን ቅማል የሰው ጥገኞች አይደሉም። ዓሣውን በደንብ ማጠብ፣ መተንፈሻውን ማውጣት፣ በደንብ ማብሰል ይበቃል። ጥሬ ዓሣ ላይ ሌሎች ትሎች ስላሉ ማብሰሉ ለነሱም ያስፈልጋል።

ዘረመላቸውን ማወቅ ለሥራ የሚጠቅምበት ቦታ አለ?

የሳልሞን እርባታ ውስጥ አለ። በኖርዌይ፣ በስኮትላንድና በካናዳ ሳልሞን በባሕር ላይ በመረብ ተከልሎ ይረባል። ቅማሉ ቆዳውን እየበላ ያቆስለዋል። መድኃኒት ይረጫሉ። ቅማሉ ይለምደዋል። ከብት የሚያረቡ ሰዎች የመዥገር መድኃኒት እየቆየ አልሠራ ሲላቸው የሚያጋጥማቸው ችግር ነው።

መላመዱ ያለው ጂን ላይ ነው። ለአንዱ መድኃኒት ዓይነት፣ ኦርጋኖፎስፌት ለሚባለው፣ በአንድ ጂን ላይ ያለች አንዲት ሚውቴሽን፣ ማለት የፊደል ለውጥ፣ ትበቃለች። ዴልታሜትሪን ለሚባለው ደግሞ መላመዱ ከማይቶኮንድሪያ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። በእናት በኩል ነው የሚወርደው። አንዲት የለመደች እንስት ከተረፈች ልጆቿ በሙሉ ይወርሱታል። ይህን ያወቀ አርቢ ከመርጨቱ በፊት ናሙና ልኮ ያስመረምራል፣ የማይሠራ መድኃኒት ባሕር ውስጥ አይደፋም።

ለዚህ የቅማሉን የዕድገት ደረጃዎች በትክክል ማወቅም ያስፈልጋል። ለብዙ ዘመን 10 ናቸው ሲባል ኖረ። በ2013 በጥንቃቄ ሲቆጠሩ 8 ሆኑ።

ዲኤንኤ ካለ ማይክሮስኮፕ ምን ያደርጋል?

ይህን የሚጠይቁኝ ኮምፒውተር የሚወዱ ልጆች ናቸው። ዲኤንኤ «ይህ ከዚያ ጋር አንድ ነው» ይላል። «ያ» ማን እንደሆነ ግን አስቀድሞ በዓይን የለየው ሰው መኖር አለበት። መዝገቡ ላይ በተሳሳተ ስም የገባ ፊደል ካለ እናንተም ስህተቱን ትወርሳላችሁ። ደግሞ የማይቶኮንድሪያ ጂን ቅጂ አንዳንዴ ወደ ኒውክሊየስ፣ ማለት ወደ ሴሉ እምብርት፣ ገብቶ ይገኛል። ያን ያነበበ ሰው ያልነበረ ዝርያ «ያገኛል»። እግር የሚቆጥር፣ ጥፍር የሚስል ሰው አሁንም የግድ ነው።

እዚህ ሆኜ በምን ልጀምር?

ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔት፣ ትዕግሥት። ጂንባንክ የሚባለው ዓለም አቀፍ የዲኤንኤ መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፣ ክፍያ የለውም። ሳያመስ ብላችሁ ፈልጉ። የሲኦዋን ፊደላት አውርዱ። ሜጋ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫኑ። ፊደላቱን ጎን ለጎን አሰልፉ፣ ዛፉን እንዲሠራ እዘዙት። መብራት ሳይሄድ ብታወርዱት ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ናሙና መሰብሰብ የምትፈልጉ ደግሞ ከዓሣ ገበያ ጀምሩ። የቆሮሶና የአምባዛ መተንፈሻ ብዙ ጊዜ ይጣላል፤ ሻጩን ለምኑት። ያገኛችሁትን 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ክተቱ። ፎርማሊን አትጠቀሙ፣ ዲኤንኤውን ያበላሸዋል። በየብልቃጡ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት አስገቡ፦ ቀኑ፣ ሐይቁ፣ ዓሣው፣ ከየት የሰውነት ክፍል እንደተገኘ። የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። ሰበታ ላይ የዓሣና የሌሎች የውሃ ሕይወት ብሔራዊ የምርምር ማዕከል አለ። ከኛ ሰፈር በታክሲ ቅርብ ነው። የሐይቅ ዓሣን የሚያውቁ ሰዎች ያሉት እዚያ ነው።

እኛ ባለፈው ቅዳሜ የሳያመስ ኦቫሊስን ዛፍ ሠርተናል። ስክሪኑ ላይ ሲወጣ የደቡቦቹ ቅርንጫፍ ብዙ ነበር። ጭርት ነው ወይ ብላ የጠየቀችው ልጅ ጣቷን እያስኬደች ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበች። መካከል ላይ ቆመች። «ቲቸር፣ ይሄ የሰሜን ፓስፊክ ነው። እዚህ ምን ይሠራል?» አለችኝ።